ዝቅ እንድትል ስለታዘዘችው አሮጌ መኪናዬ

ለክቡር የመንገድና የተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ለተከበሩ ምክትላቸው፣ ሜትር ይዘው ለደከሙት የምርመራ ባለሙያ፣ እንዲሁም ዘወትር በትሕትና «ስብሰባ ላይ ናቸው» ለሚሉኝ የበር ጥበቃ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና፣ በተለይም የወገብዎን ደኅንነት እመኛለሁ፤ በእኛ መንገድ ተጉዘው ስለማያውቁ ደኅና እንደሚሆን አልጠራጠርም።

እኔ በዳኝነት ኖሬ በጡረታ ወደ ትውልድ መንደሬ ወደ ቋሪት የተመለስሁ ሰው ነኝ። ከንጉሡ ዘመን የቀረች ባለ ሁለት በር አልፋ ሮሜዮ አለችኝ። በአስፋልት ላይ እንድትፈተለክ የተሠራች ስለሆነች ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ጡረታዬንም አብራ ትጠጣለች። በመንደራችን ወንዱ ሁሉ የቃሬዛ ማኅበርተኛ ነው፤ ሕመምተኛንና ምጥ የያዛትን ሴት በትከሻችን ተፈራርቀን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እናደርሳለን። ማኅበሩ «ጋሼ፣ የእርስዎ ትከሻ ደክሟል፤ መኪናዎ ተራዎን ትሸከምልዎ» ቢለኝ፣ የቡሬው መካኒክ ተስፋው የፒክአፕ ሞላና ረጃጅም ሾክ አብዞርበር ገጥሞ ከፍ አደረጋት። ጎረቤቴ በለጠች አይታት «ጭቃ ፈርታ ቀሚሷን የሰበሰበች እመቤት መሰለች» ብላ ሳቀች።

ቅሬታዬንና ምስጋናዬን እነሆ አቀርባለሁ፦

፩. በሐምሌ ለዓመታዊ ምርመራ ሳቀርባት፣ ፍሬኗም መሪዋም ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ከፋብሪካ ቁመቷ ከፍ ብላለች ተብሎ ሰሌዳዋ ተፈታ፤ ዝቅ እስክትልም በግቢዎ እንድትቆም ታዘዘ። ለፋብሪካው ሐሳብ ያለዎትን ታማኝነት አደንቃለሁ፤ መንገዳችንን በወረቀት ላይ ለነደፈው መሐንዲስ ሐሳብም እንዲሁ ቢታመኑ እንዴት በታደልን ነበር።

፪. ዝቅ ባደርጋት ወደ ቤቷ ስትመለስ የመጀመሪያው ድንጋይ የሞተር ዘይት መያዣዋን ይቀድደዋል፤ ከፍ እንዳለች ብትቀር ሕገ ወጥ ነች። ቆማ ስትውል ጠብታ ቤንዚን ስለማትጠጣ፣ ጡረታዬን ስላተረፉልኝ አመሰግናለሁ።

፫. በዚህ ሳምንት የጎረቤቴን የክንዱን ሚስት አቻምየለሽን ምጥ ያዛት። መኪናዋ ግቢዎ ውስጥ ስለነበረች ቃሬዛው ተነሣ፤ እኔም ተራዬን ተሸከምሁ። ጭቃው እግራችንን እየያዘ አዘገየን። አቻምየለሽ መንገድ ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። ክንዱ «ትንሽ ነው የቀረን፣ አይዞሽ፣ ትንሽ ነው» እያለ ሲያባብላት፣ አስፋልቱን ሳናይ አረፈች። ሕፃኗ አለች፤ በጡታቸው ወተት ያላቸው ጎረቤቶች እየተቀባበሉ ያጠቧታል።

ክቡር ሆይ፣ ካሳም ሆነ የሐዘን መግለጫ አልጠይቅም። የሌላው ጎረቤቴ የባምላኩ ሚስት ንግሥቴ በጥቅምት ትወልዳለችና፣ መኪናዋን ከነቁመቷ እንዲለቁልን ብቻ እለምናለሁ።

ታግሠው ስላነበቡኝ እያመሰገንሁ፣ ሥራዎ እንዲሰምር፣ ከዚህ ወንበር ከፍ ወዳለው እንዲያድጉና፣ ወንበሩም ከእኛ እጅግ ርቆ የሚገኝ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣
ወልደ ዮሐንስ
ጡረተኛ ዳኛ፣ ተራ ጠባቂ የቃሬዛ ተሸካሚ
ነሐሴ ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከክልል ለሚመጡት እንግዳ ሲባል፣ ግሬደሩ የምሳ ግብዣቸው ድንኳን እስከሚተከልበት ሜዳ ድረስ ብቻ መንገዱን እንደሚያስተካክል ሰምቻለሁ። ክንዱን አስፈቅጄዋለሁ፤ የለቅሶው ድንኳን ገና አልተነሣም። ምሳውን እዚያ ቢያደርጉት መንገዱ እስከ መንደራችን ይደርስልን ነበር።