በረዶው ላይ የጨመርኩት ጨው

ሜራን፣ የካቲት 1978 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሕብስት፣

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ከአገር ቤት ሲመለሱ፣ አባባ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፎም ጥቁሩን እንዳላወለቅሽ ነገሩኝ። «የስኳር መድኃኒታቸውን በሙቀት ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብለሽ ተናዝዘሽ፣ ስግደት መቀበልሽንም ሰማሁ። አንቺ አይደለሽም። በፖስታ የሚላክ ደብዳቤ ሳንሱር ሲከፍተው ስለሚከርም፣ ይህን ወደ አገር ቤት በሚመጡት በአቶ ኅሩይ እጅ ልኬዋለሁ።

ከሥሩ ልንገርሽ። ከእኛ ፎቅ በታች ሙሴ ሬኔ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። በወጣትነታቸው ሥራቸው በረዶ መቁረጥ ነበር። ያኔ ፍሪጅ የለም። በጥር የተራራው ሐይቅ በረዶ ሆኖ ሲረጋ እንደ ጥርብ ድንጋይ በመጋዝ ይቆርጡትና፣ በፈረስ ጎትተው ሰጋቱራ ውስጥ ይቀብሩታል። «እስከ ነሐሴ አይቀልጥም» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን አንቺ፣ «ሸዋ ሮቢት መብራት የለም፤ ሙቀቱም አይጣል ነው፤ መድኃኒቱን ምን እናድርገው?» ብለሽ ጻፍሽ። ከምሠራበት ሆቴል በረዶ አመጣሁ። ከዚህ ገዝቼ ከምልክላችሁ መድኃኒት ጋር ቴርሞስ ውስጥ ከትቼ፣ ቴርሞሱን ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አቁሜ ዙሪያውን ሰጋቱራ ጠቀጠቅኩ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር።

ሙሴ ሬኔ ግን አይስክሬም ሠሪዎች በረዶው ላይ ጨው ይነሰንሱ እንደነበር፣ ያኔ ብርዱ እንደሚብስም አጫውተውኛል። ለአባት ተቆንጥሮ አይሰጥም ብዬ ሁለት እፍኝ ጨው ቴርሞሱ ውስጥ ጨመርኩና በመንገደኛ እጅ ላክሁላችሁ። ማንንም አልጠየቅኩም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። የአዋቂ አጥፊ ማለት እኔ ነኝ።

አንቺ መድኃኒቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ እንስራው ሥር አስቀመጥሽው። ደግ አደረግሽ። ከቀብሩ በኋላ «መድኃኒቱ ገና ሲደርሰን እንደ አይብ ተቋጥሮ ነበር፤ ሌላ ስላልነበረ ወጋኋቸው» ብለሽ ስትጽፊልኝ ፋርማሲ ሄጄ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ፣ «በረዶ ሆኖ የቀለጠ ነው። አንዴ ከረጋ ከውሃ አይሻልም» አለችኝ። አመስግኜ ወጣሁ። አውቶቡስ ይዤ ሥራ ገባሁ።

ሁለት ዓመት ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ጥፋቱን በራስሽ ላይ ስታደርጊ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀለል ብሎኝ ነበር። አሁን ግን አፍራለሁ።

ደብዳቤውን ለነፍስ አባትሽ አንብቢላቸው። ጥቁሩንም አውልቂ። ከስግደቱ የቀረሽን ብቻ ሳይሆን የሰገድሽውንም ቆጥረሽ ጻፊልኝ፤ ሁሉንም ከአንድ እጀምረዋለሁ።

ወንድምሽ ቢረሳው