የቄስ ደባሱ ዜሮ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
መብራት ሄደ መጣ፣ ሄደ መጣ። ተመላላሽ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ኮምፒውተሩ ያቺን ጥያቄውን ሳይሞሉለት አያሳልፍም... ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው? አንዲት እናት "ስንት ብል ይሻላል?" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ሰኞ፣ ኅዳር 15
ዶክተር ዓለምእሸት ከዩኒቨርሲቲ መጣ። ጥናቱ በወገብ ሕመም ላይ ነው። ከታካሚዎቻችን መዝገብ የአከርካሪ ቲቢ ያለበትን ሰው ሽባ ሳይሆን ማግኘት ይፈልጋል። ሕመማቸው ከአራት በላይ የተመዘገበውን ኮምፒውተሩ ይመርጣል። የተመረጡት ሐሙስ ደሴ ሄደው ኤምአርአይ ይነሳሉ። ስልክ የምደውልላቸው እኔ ነኝ።
ቄስ ደባሱ የሉበትም። የንስሐ አባቴ፣ የገነተ ማርያሙ። ስለ ወገባቸው ስንቴ መጥተዋል! መዝገባቸውን ከፈትኩት። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
ገባኝ። "ሕመሙስ አባ?" ሲባሉ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ። እኛ ደግሞ ዜሮ ብለን እናልፋለን። የሌሎቹንም ካህናት አየሁ... ያው ነው። ኮምፒውተሩ የላስታ ካህን ወገቡን አያመውም ብሎ አምኗል።
ለዶክተሩ ነገርኩት። ቁጥሩን እናስተካክለው አልኩ።
"የተመዘገበ አይነካም ሲስተር። ዛሬ አንዱን ከነካን ነገ የቱን እናምናለን?"
ተናደድኩ። ልክ መሆኑ ነው ያናደደኝ። "እንደገና ጠይቀሽ አዲስ መመዝገብ ግን ይቻላል" አለ። ሐሙስ ከነገ ወዲያ ነው። የአባ ስልክ አይሠራም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17
በሞተር ገነተ ማርያም ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መቋሚያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።
"ሕመሙስ አባ?"
"እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ።"
"ከአሥር ስንት ይሆናል?"
"እሱ ባመጣው ላይ ቁጥር ላውጣበት? ማማረር ይሆንብኛል።"
ምን ብዬ ልጠይቅ? መቋሚያውን አየሁ።
"አባ፣ ወንጌል ሲነበብ ይቆማሉ?"
መሬት መሬት አዩ።
"ከመስቀል ወዲህ ተቀምጬ ነው የምሰማው" አሉ። "እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ለሰው አልተናገርኩም።"
ፈራሁ። እግር ከሰነፈ ነገሩ ሕብለ ሰረሰር ጋ ደርሷል ማለት ነው። አሁኑኑ እንሂድ አልኩ። "ነገ ቅዳሴ አለ እኮ..." አሉ። ተቆጣኋቸው። የንስሐ አባቴን! ተነሡ። ሲነሡ ደግፌያቸው ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 19
የእግራቸውን ነገር አዲስ መዘገብኩ፤ ዶክተሩ ያለ ቁጥር ተቀበላቸውና ትናንት ከሌሎቹ ጋር ደሴ ሄዱ። ዛሬ ዶክተሩ ደወለ። ቲቢ ነው። ሁለት አጥንት በልቷል። "ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ አይራመዱም ነበር" አለ። ግራ እግራቸው ግን ይመለስ አይመለስ አይታወቅም። መድኃኒት ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።
የሌሎቹስ ካህናት ዜሮ?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 22
ኮምፒውተሩ አሁን ከቁጥሩ በፊት ሌላ ጥያቄ አለው። ምን ማድረግ አቃተዎት? ይላል። ዶክተሩ ነው ያስጨመረው። ካህናቱን እንደ አዲስ እየጠየቅን ነው፤ ሁለቱ ደሴ ሄደዋል።
ዛሬ አባ መጡ። በእግራቸው፣ ግራውን እየጎተቱ። መድኃኒታቸው ገና አላለቀም።
"ምን አቃተዎት አባ?"
"ወንጌል ሲነበብ እቆማለሁ። ማኅሌት ግን አልቻልኩም።"
ጻፍኩ።
"ሕመሙስ?"
"እግዚአብሔር ይመስገን።"
አልጻፍኩም። ጠበቅኳቸው።
"ስድስት" አሉ፣ ቀስ ብለው።