የልጄን አድራሻ በምስጢር ስለያዛችሁልኝ

ለተከበሩ የተጎጂዎችና የምስክሮች ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? እኛ በር በዘጋን ቁጥር ተመልሰን መቀርቀሪያውን ከመነካካታችን በቀር ደህና ነን። እንቅልፍዎ እንዳይዛባ፣ ማኅተምዎም እንዳይደርቅ የዘወትር ምኞቴ ነው።

ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። በማላውቀው ሙያ አፌን የመክፈት ልማድ የለኝም፤ ሆኖም ጽሕፈት ቤትዎ ለቤተሰቤ የዋለውን ውለታ በሆዴ ይዤ ብቀር ምስጋና ቢስ እንዳልባል ሠጋሁ። ከመዝገቡ ብዛት ረስተውን እንደሆነ ላስታውስዎ። ጎረቤታችን ሚስቱን በብረት ዘንግ ደብድቦ አንድ ዓይኗን አጥፍቶባታል። እሷ ከመጀመሪያው ምት በኋላ የሆነውን አታስታውስም። ድብደባውን በመስኮት ያየች አንዲት ሰው ብትኖር ነርሷ ልጄ ናት። ሰውየው በዋስ ወጥቷል፤ ልጄ ችሎት ቀርባ ካልመሰከረች በነጻ ይሰናበታል፤ ሲሰናበትም የሚገባው ያቺው ሚስቱ ወዳለችበት ቤት ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

1ኛ/ በመጀመሪያው ቀጠሮ ዕለት ፍርድ ቤት ስላዘጋጃችሁልን መጠበቂያ ክፍል አመሰግናለሁ። በሩ ላይ «ለምስክሮች ብቻ» የሚል ያማረ ሰሌዳ ተለጥፏል። ቁልፉን የያዙት ሠራተኛ ግን የምስክሮች አያያዝ ሥልጠና ላይ ስለነበሩ ክፍሉ እንደተቆለፈ ዋለ፤ እኛም ኮሪደሩ ላይ ካለችው አንዲት አግዳሚ ወንበር ከተከሳሹና ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ተጠጋግተን ተቀመጥን። እውነት ለመናገር ከጽሕፈት ቤትዎ ይልቅ ተከሳሹ የተሻለ አስተናግዶናል። ልጄን ሲያይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላትና «ቁጭ በይ እህቴ፣ ቀኑ ገና ረጅም ነው» አላት። ጉዳዩም በዚያው ዕለት ለሌላ ቀጠሮ ተላለፈ።

2ኛ/ ስለሰጣችሁን የምስክሮች መመሪያ መጽሔት አመሰግናለሁ። በዘጠነኛው ገጽ «ምስክር ሆይ፣ አይፍሩ» ይላል፤ ይህ ሐሳብ ለእኛ ጨርሶ አልመጣልንም ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ዛቻ ለደረሰበት ሰው የስልክ ቁጥር ተሰጥቷል። የተከሳሹ ወንድም ልጄን መንገድ ላይ አስቁሞ «ምላስሽን ሰብስቢ» ባላት ማግስት ደወልን። ያነሡት ባለሙያ እጅግ ትሑት ነበሩ፤ ዛቻውን በጆሯቸው የሰሙ ሁለት ምስክሮች ይዘን እንድንቀርብ በአክብሮት ነገሩን። ለምስክሯ ምስክር ፍለጋ ወጣን ማለት ነው። እነዚያም በተራቸው ቢዛትባቸው ስንት ምስክር እንደሚያስፈልጋቸው መጽሔቱ አይገልጽምና በሚቀጥለው እትም ቢታሰብበት መልካም ነው።

3ኛ/ ከሁሉ የሚበልጠው ውለታችሁ ይህ ነው። ልጄን ከሰፈራችን አርቄ እህቴ ዘንድ አስቀመጥኋት፤ አድራሻዋም በምስጢር ይጠበቅ ዘንድ በጽሑፍ እንዳስገባ ስለታዘዝሁ አስገባሁ። መልሳችሁ በሦስተኛው ቀን ደረሰ፤ ከቢሮ እንዲህ ያለ ፍጥነት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ደብዳቤው የምስክሯ መኖሪያ፣ ማለትም መንገዱ፣ የቤት ቁጥሩ፣ «ከፋርማሲው ጎን ያለው ሰማያዊ በር» እስከሚለው ድረስ፣ በጥብቅ ምስጢር እንዲያዝ ያዝዛል። ግርጌው ላይ ግልባጭ ተጽፏል፤ ለፍርድ ቤቱ፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለፖሊስ፣ ለመዝገብ ቤት። አምስተኛው መሥመር «ለተከሳሽ፣ እንዲያውቁት» ይላል።

ደብዳቤውን ይዤ እየሮጥሁ መጣሁ። ጸሐፊዋ በእኔ መደንገጥ ደነገጠች፤ ወንበርም ሳበችልኝ። ከቢሮው የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ለባለጉዳዮች በሙሉ ግልባጭ እንደሚደረግ፣ ተከሳሹም ባለጉዳይ እንደሆነ አስረዳችኝ። «አባቴ፣ አሠራሩ እኮ ነው» አለችኝ። ክፋት የላትም፤ ክፋት ቢኖራት እንዲያውም ይቀለኝ ነበር።

ተከሳሹም እንዲያውቀው የተባለውን ዐወቀ። በማግስቱ ሰማያዊውን በር አንኳኳ። አልተሳደበም፣ እጁንም አላነሣም፤ ደብዳቤውን አጣጥፎ እንደያዘ የልጄን ጤንነት ጠይቆ ሄደ። እህቴ በሩን ቆልፋ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እኔም ያን ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ የከፈትሁትን ሰዓት ሳልጠግን መልሼ ዘጋሁት። ክቡር ሆይ፣ ጨዋታውን ለአፍታ ልተወውና ልንገርዎ፤ ፈርቻለሁ።

4ኛ/ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አቤት ባልሁ በአራተኛው ቀን ጠባቂ ላካችሁልን። ጠባቂው እህቴ ሰፈር ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ከፀጉር አስተካካዩ ጀምሮ እስከ ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ድረስ «ያቺ ምስክር የተደበቀችበት ቤት የቱ ነው?» እያለ ጎላ ባለ ድምፅ ጠየቀ። ሰፈሩ ደግ ሰው አያጣምና ተሻምተው አሳዩት። እስከዚያ ቀን ምንም ያልሰማ ሰው ቀርቶ ከነበረ እሱም ሰማ።

5ኛ/ በመጨረሻም ልጄን ስላጽናኗት የጽሕፈት ቤትዎ አማካሪ አመሰግናለሁ። «የባልና የሚስት ነገር ነው ልጄ፤ አንቺ ገና ወጣት ነሽ፣ ምን አስጨነቀሽ?» ብለዋታል። ተከሳሹ እህቴ ደጅ ድረስ መጥቶ በአፉ ያልተናገረውን፣ በሥራ ሰዓት ቁጭ ብለው በእሱ ፈንታ ስለነገሩን ድካሙን ቀንሰውለታል።

ይህንንም በግልጽ የጻፍሁት፣ በምስጢር የተጻፈ ነገር በእናንተ እጅ ምን እንደሚገጥመው ስላየሁ ነው።

ስለ እኛ ተከሳሹ የሚያውቀውን ያህል ጽሕፈት ቤትዎም እንዲያውቅ እየተመኘሁ፣ በደጅዎ የተመላለስሁ፣ የመጠበቂያ ክፍልዎንም ከውጭ በኩል አጥርቼ የማውቅ፣

አክባሪዎ፣
ሰዓት ጠጋኙ፣ የምስክሯ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልጄ አንብባዋለች። ለፊታችን ሐሙስ የችሎት ቀጠሮ እንዳትሄድ እግሯ ላይ ወድቄ ለምኛት ነበር፤ አባት ነኝና አላፍርበትም። ያን ጊዜ እስከ ዛሬ ያልነገረችኝን ነገረችኝ። ያን ቀን ጩኸቱን ሰምታ ወደ ውጭ እንዳየች መጀመሪያ ያደረገችው መጋረጃውን መዝጋት ነበር፤ ቆይታ ነው መልሳ የገለጠችው። «አባዬ፣ ሁለተኛ አልዘጋውም» አለችኝ። ስለዚህ ሐሙስ እንመጣለን። ከጽሕፈት ቤትዎ የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያን ዕለት እባክዎ ምንም ዓይነት ድጋፍ እንዳያደርጉልን።