የእማዬን ሬዲዮ ድንጋይ ይመልሱ

ውድ ጋሼ ስብሐት፣

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር ይወቁልኝ፤ አልገደልኳትም። እህትዎ በሕይወት አለች። ዛሬ ጠዋት እንኳን "ይኼ አጥሚት ነው ወይስ እጣቢ?" ብላ ተቆጥታኛለች።

የዚያን እሑድ ነገር ለዘመድ ሁሉ እንዳወሩት ሰምቻለሁ። እኔም በተራዬ ልናገር። ከቅዳሴ መልስ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠን ሬዲዮው ክርክር ያስተላልፍ ነበር፤ መዳን የማይችል ታማሚ ራሱ ከለመነ፣ ሐኪም ሞቱን ቢያፋጥንለት ሕግ ይፍቀድ ወይስ አይፍቀድ? አንዱ ደዋይ "ነፍስ የሰጠ እሱ ይውሰድ" ሲል እርስዎ "እሰይ!" አሉ። ቀጥላ የደወለችው ሴት ካንሰር የሚለውን ቃል ስታነሳ ግን ዘለው ተነሱ። ሬዲዮውን ማጥፋቱ አልበቃዎትም፤ ጀርባውን ከፍተው ባትሪ ድንጋዮቹን ኪስዎ ከተቱ። ለእማዬ በሽታሽ ጨጓራ ነው ብለናት ነበርና። ጎረቤቱን ሁሉ ያስጠኑት እርስዎ ነዎት፤ ሊጠይቃት የሚመጣው ሁሉ ገና ከበር "ይኼ ጨጓራ!" እያለ ነበር የሚገባው።

እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች "ወንድምዓለም፣ ስለ እኔ እያወሩ ለምን ታጠፋዋለህ?" አለች።

"ስላንቺ አይደለም፤ ያንቺማ ጨጓራ ነው" አሏት።

ዞራ እኔን አየችኝ። "ሮሐዬ፣ ጨጓራ ነው?"

"አይደለም እማዬ። ካንሰር ነው።"

"ገደልሻት!" ብለው በሩን ወርውረው ዘግተው ወጡ።

አለቀሰች። ከዚያ "አውቄው ነበር፤ እንዳላስደነግጣችሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አለችኝ። ጋሼ፣ እኛ ከእሷ ስንደብቅ እሷም ከእኛ ስትደብቅ፣ ያን ሁሉ ፍርሃት ብቻዋን ፈራችው። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሳምንቱ ሐኪሟን ራሷ አነጋገረች። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ይቅርብኝ፣ ሕመሜን አስታግሱልኝና ቤቴ ልሁን አለች። እርስዎ ይኼን ሰምተው "ሬዲዮው ያወራው ነው፣ ራስን መግደል ነው" ብለው ከቤትዎ ከቁስቋም ሰው ላኩብኝ። አይደለም! ግደሉኝ አላለችም። ብትልስ? ምን እንደምመልስላት አላውቅም። ሕጉም አይፈቅድም፣ አንጀቴም አይችልም። ግን ሳልሰማት አፏን አልይዝም። እርስዎስ ጠበል ሊያስጠምቋት እንጦጦ ማርያም አዝለዋት ሲወጡ "ወይ ማራት፣ ወይ አሳርፋት" እያሉ ሲያለቅሱ አልነበር? በጆሮዬ ሰምቼ አልፈረድኩብዎትም። እንደሚወዷት አውቃለሁ። እሷ ስለ ራሷ ስትናገር ነው ኃጢአት የሆነው?

እንደተቆጡ መቆየት ይችላሉ፤ ይቅርታ አልጠይቅም። ለእናቴ ዳግመኛ አልዋሽም።

ክርክሩ በመጪው እሑድ ይቀጥላል። እማዬ ስልኬን ይዛ ከአሁኑ እየተለማመደች ነው፤ "ንግሥት እባላለሁ፣ የምደውለው ከጉለሌ ነው። ሁላችሁም ስለ ታማሚ ስታወሩ ሰማሁ። ታማሚዋ እኔ ነኝ።" ከዚያ ምን እንደምትል ብጠይቃት "ከሕዝቡ ጋር ትሰሚዋለሽ" አለችኝ።

ስለዚህ ይምጡ። ድንጋዮቹንም ይዘው ይምጡ። አልጋዋ አጠገብ፣ የተለመደው ወንበርዎ ላይ ቁጭ ብለው እስክትጨርስ ይሰሟታል።

የእህትዎ ልጅ
ሮሐ፣ ከጉለሌ ዊንጌት