ደወሉን ደውልላቸው

ሐሙስ፣ ግንቦት 14
ከሰዓት በኋላ፣ መምህራን ክፍል

ለልጆቼ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ? ወይስ «እርስዎ» ልበልህ? ባለፈው ሳምንት ቴሌቪዥን ላይ ጋዜጠኛዋ «እርስዎ» ባለችህ ቁጥር ደረትህን ነፋ ስታደርግ ስላየሁ፣ «አንተ» ማለቱ ድፍረት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነው። እኛ ደህና ነን። ትልቁ ልጅህ ድምፁ ጎርንኖ ስልክ ሲያነሳ ሰው ሁሉ አንተ ይመስለዋል። ትንሿም አድጋለች፣ ምላሷም አብሮ አድጓል። የቤቱ ወሬ ይሄው ነው፤ አሁን ወደ ጠቡ ልግባ።

በትምህርት ቢሮው ስም «ትምህርት ቤቱ አይዘጋም፤ ከሌላ ጋር ይዋሃዳል» አልክ። ዓይንህን በጨው አጥበህ! አሥራ ምናምን ዓመት ያስተማርክበት፣ እኔን ያገኘህበት፣ የማኅበራችን ሊቀመንበር ሆነህ ጠረጴዛ የደበደብክበት ትምህርት ቤት በሩ ሲቆለፍ ስሙ ውህደት ሆነ? መጀመሪያ አንደኛ ክፍል እንዳንመዘግብ ከለከላችሁን። ከዚያ ተመልሳችሁ «የተማሪ ቁጥር አንሷል» አላችሁን። የመሬት ቀያሾች ደግሞ ገና ሳይወሰን መጥተው፣ ልጆቹ ኳስ እየተጫወቱ ሜዳውን በሜትር ይለኩ ነበር። አንዱ ተማሪ «ጎሉ ሊሰፋልን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አንዱ ቀያሽ አቀረቀረ። እሱ እንኳ አፈረ፤ አንተ ግን አላፈርክም።

የምትዋሃዱበት ያላችሁን ትምህርት ቤት ሄጄ አየሁት። ከዋናው መንገድ ማዶ ነው። የእግረኛ ድልድይ የለው፣ መብራት የለው፣ የጭነት መኪናው ሲወርድ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ትንሿ ልጅህ ከመስከረም ጀምሮ ቦርሳዋን አዝላ ያንን መንገድ ልትሻገር ነው። ለሹፌሮቹስ ውህደት መሆኑን ማን ይነግርልናል?

ለዚህ ነው ሰኞ ያደምነው። ከሩቅ ሆነህ የሰማኸው ሌላ ነውና እንዴት እንደሆነ ከእኔ ስማ። ጠዋት ሁላችንም እዚሁ መምህራን ክፍል ቁጭ አልን። መንገዱ ሳይሠራ ትምህርት ቤቱ እንደማይዘጋ በጽሑፍ ሳይሰጠን ላንነሳ ተማምለናል። ወላጆች ልጆቻቸውን ግቢ አስገብተው ከበሩ ውጭ ቆመውልናል፤ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሱቋን ዘግታ መጥታለች። ርዕሰ መምህሩ እየወጣ እየገባ ላቡን ይጠርጋል። ጋሽ ክፍልፋይ፣ አንተን ራስህን ማስተማር ያስተማረህ የሂሳቡ ሽማግሌ፣ መሐል ቆሞ «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ ማንም ንቅንቅ እንዳይል! እኔ ከዚህ ክፍል የምወጣው...» እያለ ነበር።

ደወሉ ተደወለ።

ጋሽ ክፍልፋይ ንግግሩን ሳይጨርስ ጠመኔውን አንስቶ ወጣ። ከኋላው የሳይንሷ፣ ከኋላዋ የስፖርቱ፣ ከዚያ እኔ። ግቢ ገብተው ይጠብቁ የነበሩት ተማሪዎችም ደወል ሲሰሙ እንደ ልማዳቸው ወደ ክፍል ሮጡ። እኔ ቀኑን ሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ «ደብተር አውጡ» ካልኩ በኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፦

«ቲቸር፣ አድማ ላይ አይደላችሁም እንዴ?»

እንዴት ልንገርህ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሮጬ ስወጣ ሌሎቹም ከየክፍላቸው ብቅ ብለው እርስ በርስ ይተያያሉ። ግን አለቀ። ከትምህርት ቢሮው የተላከ ሰው በመስኮት በመስኮት ፎቶ አንስቶን ሄዷል። ወላጆቹም «ለካ እያሾፋችሁብን ነው» ብለው ተበተኑ፤ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ዞራም አላየችኝ። ማታ በዜና «መምህራን ውህደቱን ተቀብለው በፈቃዳቸው ወደ ሥራ ተመለሱ» ተባለ። በፈቃዳችን!

ከዚያ ወዲህ እርስ በርስ እየተበላላን ነው። መጀመሪያ የተነሳው ጋሽ ክፍልፋይ ነውና «ተገዝቷል» ተባለ። በክፍሉ በር ላይ ይቺኑ ቃል በጠመኔ ጽፈውበት፣ ራሱ በእጁ መዳፍ ሲያጠፋት አየሁት። አሁን ምሳውን ብቻውን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይበላል። ሄጄ አጠገቡ ብቀመጥ «ሂጂ ልጄ፣ አንቺንም ያሙሻል» አለኝ።

ትናንት ርዕሰ መምህሩ በሩን ዘግቶ ነገረኝ። ሰኞ ጠዋት ሲጨንቀው ላንተ ስልክ ደውሎ ኖሯል።

«ምን ላድርግ ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ» አለ። «"ደወሉን ደውልላቸው፣ ምን ያስጨንቅሃል? እግራቸው ራሱ ይነሳል" አለኝ። እኔ መች መሰለኝ!»

ሳቀ? እውነት ሳቅህ? አስበው እስቲ። ሌላው ባለሥልጣን ሁሉ ቢሰበሰብ ይህን አያውቅም። ቢያስፈራሩን፣ ቢያስሩንም አንነሳም ነበር። የሚያስነሳንን ነገር የሚያውቅ ከእኛው ጋር የኖረ ሰው ብቻ ነው። ቤት እንኳ የጎረቤት ደወል ሲጮህ ከአልጋ ዘለህ ትነሳ የነበርከው አንተ! በዚያ እስቅብህ ነበር። እሱን ወስደህ ነው ያረድከን። ክፉ ሰው ቢሆን ይህን ያህል አልናደድም፤ ክፉ አለመሆንህን ስለማውቅ ነው ደሜ የሚፈላው።

የፊታችን ሰኞ አዳራሹ ውስጥ ወላጅና መምህር በተሰበሰበበት ዋናውን መሥሪያ ቤት ወክለህ እንደምትመጣ ሰምቻለሁ። የማኅበሩ ተናጋሪ እኔ ነኝ፤ ሌላ ፈቃደኛ ስለጠፋ መረጡኝ። ፊት ለፊት ልንቀመጥ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከአሁኑ እወቀው፦ ወይ አንተ ተነስተህ «ደወሉን ያስደወልኩት እኔ ነኝ፤ መምህራኑ ምንም አልተቀበሉም፤ ሽማግሌውም አልተገዛም» ትላለህ፣ ወይ እኔ እናገራለሁ። ይህ ካልተነገረ ወላጆቹ አይመለሱልንም፤ እነሱ ካልተመለሱ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የለም። ሥራህን ታጣ ይሆናል። አውቃለሁ።

ይህን እስካሁን ለማንም አልተነፈስኩም። ጋሽ ክፍልፋይ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እያየሁት እንኳ ዝም አልኩ። ለምን እንደሆነ እንዳትጠይቀኝ።

በቴሌቪዥን እንዳየሁህ ከስተሃል። የሸሚዝህ ኮሌታ አንገትህ ላይ ይዞራል። ምግብ በሰዓቱ ብላ። ፈጣሪ በሰላም ያምጣህ፤ እውነት የምትናገርበትን አንደበትም ይስጥህ። ልጆቹ ስመውሃል፤ የእኔን ሰላምታ ከሰኞ በኋላ እናየዋለን።

የልጆችህ እናት

ከአውቶቡሱ ስትወርድ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሂድ። መጀመሪያ ቤት እንዳትመጣ፣ አደራ። በር ላይ ካየሁህ ሰኞ መናገር ያቅተኛል።