የላክሁልሽ ኩብ የአባትሽ አይደለም

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን
ከምሳ በኋላ

ሚጣዬ፣ የዓይኔ ብርሃን፣

እንዴት ነሽ እያልኩ ገጹን አልሞላውም፤ ደህና መሆንሽን እሁድ በስልክ ከሳቅሽ ሰምቻለሁ። እኛም ደህና ነን ብዬሽ ነበር። እሱ ግን ውሸት ነው። ጎረቤታችን ነርሷ ቅዳሜ አንቺ ወዳለሽበት ትበራለች፤ ይህን ደብዳቤ በእጅሽ ትሰጥሻለች። "የሥራ ውሉን የምፈርመው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው" ስላልሽኝ፣ ከዚያ በፊት ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። በስልክ ያልነገርኩሽ አባትሽ ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ነው። ደግሞም ማልቀስ ከጀመርኩ አላቆምም፣ ታውቂኛለሽ።

ባለፈው ወር ያንን የወረቀት ኩብ ልኬ "አባትሽ ነው የሠራልሽ" ብዬሽ ነበር አይደል? አንቺም እሁድ "እንዲህ አድርጎ የሚያጥፍ ሰውማ ምንም አልሆነም፤ እንግዲያው የሁለት ዓመቱን ውል ልፈርም" አልሽኝ። ልጄ፣ ኩቡን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ልብስ ሰፊን ከኩብ ጋር ምን አገናኛት ትይ ይሆናል። አባትሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሒሳብ ተማሪዎቹን ሲያስተምርበት እኔ እጄን አስገብቼ አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ አንቺ ሦስተኛ ክፍል ሳለሽ፣ ልሞክር ብዬ ተቀመጥኩ። ስድስት እኩል ወረቀት ሰጠኝ። እያንዳንዱ ሲታጠፍ ሁለት ጆሮና ሁለት ኪስ ይኖረዋል፤ የአንዱ ጆሮ በሌላው ኪስ እየገባ ያለ ሙጫ ይቆማል። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን የግራና የቀኝ እጅጌ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው፣ ሦስቱን ወደ ግራ ሦስቱን ወደ ቀኝ አጥፌ ቁጭ! አልገጥም አሉ። አባትሽ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ሸሚዝ አይደለም እኮ! ስድስቱም ወደ አንድ ወገን ነው የሚታጠፉት" አለኝ። አባትና ልጅ ተባብራችሁ ሳምንቱን ሙሉ "ባለ እጅጌዋ" እያላችሁ አበሸቃችሁኝ።

በመጋቢት መጨረሻ እሱ ራሱ "ለልጄ ኩብ ልሥራላት" ብሎ ተቀመጠ። እኔ የደንበኛ ቀሚስ እየተኮስኩ ነበር። ወረቀቱን በጥፍሩ እያሰመረ ሲያጥፍ ላየው ምንም አልጎደለበትም። ሊያገጣጥም ሲል ግን እምቢ አለው። ቀና ብዬ ሳይ አራቱ ወደ ግራ፣ ሁለቱ ወደ ቀኝ ታጥፈዋል። ካውያውን አስቀመጥኩ። ቀስ ብዬ "ሁለቱ የተገለበጡ መሰለኝ" አልኩት።

"አንቺ ነሽ የነካካሽብኝ!" ብሎ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። ሚጣ፣ በአርባ ዓመት ትዳራችን ጠረጴዛ ሲመታ አይቼው አላውቅም። ትንሽ ቆይቶ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነሳና "ምን ልሠራ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

በማግስቱ ጋደም ሲል፣ አንቺ ሠርተሽ መደርደሪያው ላይ ትተሽው የሄድሽውን አሮጌ ኩብ ፈታሁት። መታጠፊያውን እየተከተልኩ፣ በአራተኛው ሙከራ ተሳካልኝ። አንቺጋ የደረሰው ያ ነው።

ሐኪም ዘንድ ከወሰድኩት ስምንት ወር አልፎታል። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው አለኝ፤ እየባሰ እንጂ እየተሻለው አይሄድም አለኝ። አንቺን ግን ደበቅኩሽ። በስልክ ስታወሩ አጠገቡ ቆሜ "ስለ ሥራዋ ጠይቃት"፣ "ብርዱ እንዴት ነው በላት" እያልኩ በወረቀት ጽፌ ከፊቱ አኖርለታለሁ። ሌላው ሲጠፋበት "እውነትሽን ነው" ይልሻል። እሁድ ስንት ጊዜ "እውነትሽን ነው" እንዳለሽ ልብ ብለሻል? አንቺ ግን አባቴ ተስማማልኝ ብለሽ ደስ አለሽ። እኔ ማድ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፈትኩት፣ ለቅሶዬ እንዳይሰማሽ።

ለምን ዋሸሽኝ ትይኛለሽ። ለዚህ ሥራ ስንት ዓመት እንደለፋሽ ስለማውቅ ነው። "እናቷ አስቀረቻት" መባሉንም ፈርቼ ነው። ደግሞ ብቻዬን እወጣዋለሁ ብዬ ነበር፤ ግትርነቴ የታወቀ ነው። አሁን ግን ደክሞኛል፣ ፈርቻለሁም።

ቅዳሜ ዕለት እጄን ላፍታታ ብዬ የሠራሁትን ሌላ ኩብ ጠረጴዛው ላይ ረስቼው ወጣሁ። ስመለስ አባትሽ ይዞታል። እንደ ድሮው የተማሪ ፈተና እንደሚያርም ሰው ዙሪያውን እያገላበጠ ያየዋል። ፊቱ በራ።

"ይሄ የሚጣ እጅ ነው" አለኝ። "መቼ መጣች? የታለች?"

እንዴት ብዬ የለችም ልበለው? "ሱቅ ደርሳ ትመጣለች" አልኩት። ወንበሩን ወደ በሩ አዞረና ተቀመጠ።

እሁድ ካንቺ ጋር አውርቶ ስልኩን ከዘጋ በኋላ እንኳ ተመልሶ እዚያው ተቀመጠ። ትናንት "ሱቁ ሩቅ ነው እንዴ?" አለኝ። "ትንሽ ይርቃል" አልኩት። ዛሬ ጭራሽ አልጠየቀኝም። ምሳ ቀርቦ ከወንበሩ አልነሳም ሲለኝ "ማንን ነው የምትጠብቀው?" አልኩት። ወደ በሩ አየ።

"እንጃ" አለኝ። "ብቻ ትመጣለች።"

ይህን ደብዳቤ ስጀምር እውነቱን ልነግርሽ ብቻ ነበር፤ ነይ ልልሽ አልነበረም። ልጄ፣ ነይ።

የለፋሽበትን አያሳጣሽ፤ ብትፈርሚም ባትፈርሚም ምርቃቴ ካንቺ ጋር ነው። በሰላም ያገናኘን።

እናትሽ

ሳልረሳው፦ ስትመጪ በባዶ እጅሽ እንዳትገቢ። መንገድ ላይ ካለው ሱቅ ዳቦም ይሁን ሳሙና፣ አንድ ነገር ገዝተሽ ግቢ።