አጎቴ ሲያንኮራፋ

መስከረም 23

ዛሬም አልረጋም። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ...

ፕሮግራሜ የአንጎል ሴሎችን ያስመስላል። ከላይ የሚያዝ አለቃ የለም፤ እያንዳንዱ ሴል የሚሰማው የደረሰውን ድምፅና ጎረቤቱን ብቻ። ሥራቸው ከአንድ ድምፅ የወጡ ብዙ መቶ ቁጥሮችን ወደ ሁለት መጭመቅ። ሁለት ሴል፣ ሁለት ቁጥር። ቀላል አይደል? ሁለቱም ግን አንዱን ነገር ይሻማሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ይተዉታል፣ ደግሞ ይሻማሉ...

የመመረቂያ ሥራዬ አማካሪ ፕሮፌሰሩ፦ "በቅርቡ ካልረጋ ርዕስ ቀይሪ።"

ያን ሁሉ የለፋሁበትን?

መስከረም 24

ድምፁ የማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። የአጎቴ ማንኮራፋት ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፤ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ሲል ሞተሩ ይነሳል። ማይክሮፎን ስደቅንበት አክስቴ ደስታዋን አልቻለችውም። "ድምፁን ቅጂልኝ! አላንኮራፋም እያለ ዕድሜዬን ጨረሰው።"

መስከረም 27

አልረጋም። የሚነጭ ፀጉርም አልቀረኝም።

መስከረም 29

ረጋ!!!

በስህተት። ሁለት ፍጥነቶች አሉ፦ ሴሎቹ ከድምፁ የሚማሩበት፣ እና እርስ በርስ "ዞር በል፣ ይሄ የኔ ነው" የሚባባሉበት። ቁጥሮቹን አቀያይሬ ጽፌ ኖሯል። የእርስ በርስ ክልከላው ፈጠን፣ ትምህርቱ ዝግ ሲል፣ ሁለቱም ድርሻቸውን ይዘው ቁጭ!

ለፕሮፌሰሩ ደወልኩ።

"ለምን ረጋ?"

"ቁጥር ተሳስቼ..."

"እንግዲህ ስህተትሽ ካንቺ ጎብዟል። ምክንያቱን በሒሳብ አሳዪኝ።"

ጥቅምት 6

ሒሳቡ አለቀ። ክልከላው በበቂ ከፈጠነ፣ አንዴ የረጋውን ትንሽ ቢገፉትም ተመልሶ ይረጋል። እሰይ!

ግን ሥዕሉ... እያንዳንዱን ማንኮራፋት በሁለት ቁጥሩ ነጥብ አድርጌ ሣልኩት፤ ነጥቦቹ ሁለት ቦታ ተከምረዋል። አንድ ሰው፣ ሁለት ዓይነት ማንኮራፋት? ቅጂዎቹን ደግሜ ሰማሁ። ከሁለተኛው ክምር በፊት ሁሌም የአክስቴ ድምፅ አለ፦ "አንተ! ሳህኑን ማን ሊያጥበው ነው?" ወዲያው ማንኮራፋት።

የውሸት!

ጥቅምት 7

አጎቴን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። ፊቱ ጠቆረ።

"የኔ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ያመላለስኩሽ ሰው ነኝ።"

"መመረቂያዬ ነው፣ ሥዕሉን እንዴት ልተወው?"

"እንግዲያው ስሜን አትጥሪ። 'አንድ ጎልማሳ' በይ።"

ጎልማሳ! ግን እሺ አልኩ። አክስቴንስ ምን እላታለሁ?

ጥቅምት 14

አቀረብኩ። አክስቴና አጎቴ ፊት ወንበር ላይ። ከፈታኞቹ አንዷ፦ "የመጀመሪያው ክምር እንቅልፍ ነው። ሁለተኛውስ?"

አጎቴን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ማንኮራፋት ጀመረ፤ አዳራሹ ተንቀጠቀጠ። አክስቴ ጆሮዋን ቀስራ አዳመጠች፣ ከዚያ ብድግ፦

"ሁለተኛው ይሄ ነው! የውሸቱ! ሲተኛማ አፉን ይከፍታል!"

ፕሮፌሰሩ ከሳቅ ብዛት እንባቸውን ጠረጉ። አጎቴ ዓይኑን ሳይገልጥ አፉን ከፈተ... ረፈደበት።

አለፍኩ!

ጥቅምት 15

ከምሳ በኋላ አጎቴ ሽርጥ ታጥቆ ሳህን ያጥባል። ሶፋው ላይ አክስቴ ተዘርግታ ታንኮራፋለች።

"መጥበሻውንስ ማን ሊፈትገው ነው?" አለ።

ማንኮራፋቱ ጨመረ።

ይሄስ ከየትኛው ክምር ይገባ ይሆን? ... ማይክሮፎኑን አላወጣሁም።